የታብሌት ፈረስም ይደክመዋል

ታብሌቶቹ ትምህርት ቤታችን የደረሱት በፈረስ ጀርባ ነው። ባጃጅ ከዋናው መንገድ እስከ ወንዙ ድረስ አምጥቷቸው ጭቃውን ሲያይ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ሌላ ጊዜ ከሰል የሚያመላልሱ ፈረሶች ተሸክመው ጨረሱት። ርዕሰ መምህራችን ክራቫቱን አስሮ በር ላይ ቆሞ ካርቶኖቹን ሲቀበል «ከዛሬ ጀምሮ ቴክኖሎጂ ገብቷል» አለን። ቴክኖሎጂውን ያስገቡት ፈረሶች በዚያ ሰዓት በዘመቻ የተተከለውን ችግኝ እየነጩ ነበር። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላው ሁሉ ካርቶን ያወርድ ነበር።

የማስተምረው አራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ትምህርት ቤቱ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ከሸፈናቸው ኮረብታዎች ሥር ነው፤ ስሙን ብጠራው ደብዳቤ ያስጽፍብኛልና ይቅር። የአካባቢው ሰው ልጁንና ፈረሱን አብሮ ያሳድጋል፤ የትኛውን አስበልጦ እንደሚወድ መጠየቅ ነውር ነው። ልጆቹ የሚማሩት በአዊኛ ነው። እኔም ዳንግላ ብወለድ የአባቴ ወገን ከዚህ ነውና ቋንቋው አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነው፤ ልጄ ያለችው ዳንግላ ነው።

ጡት እንዳስጣልኳት እናቴ ወሰደቻት። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቤቱ መንገድ ላይ ነው ቢባል ይቀላል። እኔ የተከራየኋት ክፍል ውሃዋ ከሩቅ የሚቀዳ፣ ክረምት ከበጋ የምትበርድ፣ ሥራ ስገባ ልጅ የሚይዝልኝ ሰው የሌለባት ክፍል ናት። ስለዚህ መኪና በተገኘ ዓርብ በእንጅባራ አድርጌ ዳንግላ እሄዳለሁ፣ እሑድ እመለሳለሁ። ልጄ እናቴን «እማ» ትላታለች፤ እኔን አያቷ ስትጠራኝ እንደሰማችው በስሜ ትጠራኛለች። በየዓመቱ ወደ ዳንግላ እንዲያዛውሩኝ አመለክታለሁ፤ በየዓመቱም «በሂደት ላይ ነው» እባላለሁ። ላም አለኝ በሰማይ ይሉት ይህን ነው፤ ወተቷን የምትጠጣው ግን ሁልጊዜ ሌላ መምህርት ናት።

ታብሌቶቹ ሊመጡ በነበረበት ሰሞን ታዲያ አንድ ወሬ ተነዛ። ተማሪዎቿ በጨዋታው ከፍተኛ ውጤት ያመጡላት መምህርት በዝውውር ቅድሚያ ታገኛለች ተባለ። ወሬ ብቻ ሆኖም አልቀረም፤ ስለ ታብሌቶቹ በተሰጠን ሥልጠና ላይ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣው ባለሙያ ራሱ በማይክራፎን ተናገረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እነዚያን ጥቋቁር መስታወቶች እንደ ሚኒባስ አያቸው ጀመር። ተሳፍሬባቸው ዳንግላ እወርዳለሁ ብዬ አመንኩ።

ስለ ሥልጠናው ካነሳሁ አይቀር ልናገረው። «በጨዋታ የታገዘ የሒሳብ ትምህርት» ይባላል። ባለሙያው ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ጃኬቱ ላይ የአንድ ያለፈ ወርክሾፕ ርዕስ ተጽፏል። ልጅ ሲጫወት እንደሚማር፣ ሲማር እንደሚጫወት፣ ዓለም ሁሉ ወደዚህ እየሄደ እንደሆነ በስላይድ አሳየን። ታብሌት ግን አላሳየንም፤ ርክክቡ ስላልተፈጸመ ካርቶኑን መክፈት አይቻልም ነበር። ስለዚህ ጣታችንን አየር ላይ እያንሸራተትን ተለማመድን። አንድ አዛውንት መምህር «ስህተቱን ብነካስ ምን ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። «አየር ላይ ስህተት የለም» አላቸው። በዚህ መሠረት ሁላችንም በከፍተኛ ውጤት አጠናቃችኋል ተባልንና ሰርተፍኬት ተሰጠን።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ስክሪኑ ላይ ፈረስ አለ። የማባዛት ወይም የማካፈል ጥያቄ ይመጣል፣ ከሥሩ መልሶች ይደረደራሉ። ትክክለኛውን ሲነኩት ፈረሱ ሽምጥ ይጋልባል፤ ከተሜ ድምፅ ያላት ሴት «ጎበዝ፣ ቀጥል» ትላለች። ሲሳሳቱ የሚያሳዝን ሙዚቃ ይመጣል፣ ፈረሱ ይቆማል፣ አንገቱን ደፍቶ ሣር መጋጥ ይጀምራል። ይህን የሠራው ሰው የት አገር እንደሚኖር አላውቅም፤ ፈረስ ሲግጥ ማየት ለልጅ ቅጣት ነው ብሎ አምኗል። ለማሳመር ደግሞ ፈረሱ ብዙ ከጋለበ ደረቱ ላይ ላብ እንዲታይ አድርጓል። እኔ ያን ጊዜ ላቡን ልብ አላልኩትም።

ታብሌቶቹ የሚሞሉት ከመምህራን ክፍል ጣሪያ ላይ በተሰቀለው ሶላር ነው። ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ የርዕሰ መምህሩ ስልክ፣ ቀጥሎ የመምህራን ስልክ፣ ከዚያ ቴክኖሎጂ። ተራው ሲደርሰኝ ልጆቹን እጃችሁን ታጠቡ አልኳቸው፤ ቤተሰብ ሲያግዙ የነኩት ከሰል ከጥፍራቸው ሥር ስለማይወጣ ስክሪኑን ያጠቁረዋል። ታጥበው እጃቸውን እያራገፉ ገቡ። ፈረሱን ሲያዩ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ በመምህርነት ዘመኔ እንዲያ ያለ ጸጥታ አልገጠመኝም። ቀጥሎ የማን ፈረስ እንደሆነ ጠየቁኝ። «የመንግሥት ነው» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ፤ ፊታቸው ላይ ያነበብኩት ነገር ሐዘኔታ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስታዬን አልቻልኩትም። ልጆቹ ታብሌቱን ትተው ለእረፍት መውጣት እንቢ ይላሉ። ከዚያ ውጤቱ መጣ። ታብሌቱ ኔትወርክ ባገኘ ጊዜ ውጤቱን በራሱ ይልካል፣ ማጠቃለያው ወደ ርዕሰ መምህሩ ስልክ ይመለሳል። የእኔ ክፍል ከተመዘኑት ሁሉ መጨረሻ ነበር። ሰሌዳ ላይ ስጠይቃቸው ስድስት ጊዜ ስምንትን ሳያመነቱ የሚመልሱ ልጆች ታብሌቱ ላይ ግማሹን ይስታሉ። ከሁሉ የባሰችው ደግሞ በክፍሉ አንደኛ የምትወጣው ልጅ ሆና ተገኘች። ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ እጇን የምታወጣ፣ ሌሎቹ የሚቀዱባት ልጅ ናት።

ርዕሰ መምህሩ «ቫይረስ ነው» አለ። ቫይረስ በምን እንደሚጠፋ ስንመካከር አንዱ መምህር ፀሐይ ይገድለዋል ብሎ ከሳይንስ መጽሐፍ አስታወሰ። ሰሌን ተነጠፈ። ታብሌቶቹን እንደ ገብስ አሰጣናቸው፤ ዘበኛውም ዶሮ እንዳይረግጣቸው ዱላ ይዞ ቆመ። ከሰዓት በኋላ ስናነሳቸው አንዳንዶቹ አልበራ አሉ። የበሩትም ውጤታቸው ያው ነበር።

ነገሩ የገባኝ ጉም ሜዳውን በሸፈነበት አንድ ጠዋት ነው። ልጆቹን ጨዋታው ላይ አሰማርቼ በዴስኮቹ መሐል ስዞር ከጎበዟ ልጅ ጀርባ ቆምኩ። ታብሌቱን ከጓደኛዋ ጋር ይዛዋለች። ፈረሱ ጋልቦ ጋልቦ ደረቱ አብረቅርቋል። የመጣው ጥያቄ ስድስት ሲባዛ በሰባት ነው። ጓደኛዋ ጣቷን ስትሰነዝር ጎበዟ እጇን ቀልጠፍ ብላ ያዘችና በአዊኛ «አርባ ሁለት ነው፤ አርባ ሁለትን እንዳትነኪ» አለቻት። ከዚያ ተረጋግታ ሠላሳ ስድስትን ነካች። የሚያሳዝነው ሙዚቃ ተሰማ፣ ፈረሱ ቆመ፣ ሣሩን ጋጠ። ሁለቱም እፎይ ብለው ዴስኩ ላይ ተደገፉ።

«ለምን ሳትሽው?» አልኳት።

ደነገጠች። «ደክሞታል፣ ቲቸር።»

«ማን ነው የደከመው?»

«ፈረሱ። ላቡን አያዩም? ያላበው ፈረስ ከተጋለበ ይጎዳል። እስኪደርቅለት እናሳርፈዋለን።»

«መልሱን እያወቃችሁ ነው የምትሳሳቱት?»

«ካላወቅን እንዴት እንሳሳታለን?» አለችኝ፣ እንደ መምህር ታግሣ። «ሳናውቅ ብንነካ ድንገት ትክክል ይሆንና ይሮጥብናል።»

ክፍሉን በሙሉ ጠየቅኩ። ሁሉም እንዲያው ናቸው። ደንብም አውጥተዋል፤ ላብ እስኪታይ ይጋለባል፣ ላብ ሲታይ ይታረፋል፣ ላቡ ሳይደርቅ ያስነሳ ልጅ ታብሌቱን ለጎረቤቱ ይለቃል። ደንቡ የወጣበት ስብሰባ የለም፤ ቃለ ጉባዔ አልተያዘም፣ የሚመለከተው አካልም አላጸደቀውም። ከቤታቸው ይዘውት የመጡት ነው። እዚህ አገር አባት ልጁ ትምህርት ቢሰንፍ ይመክረዋል፤ ያላበ ፈረስ ቢጋልብ ግን ይገርፈዋል፣ ጎረቤትም አይገላግልም። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ተከትሎ ንዴቴ። ሳቁ ለልጆቹ ነው። ንዴቱ የራሴ ነው፤ ዳንግላ የምታደርሰኝ ሚኒባስ ቆማ ሣር እየጋጠች ነበርና።

በዚያው ሰሞን የአንዱ ተማሪ አባት መጡ። በዓል ሲሆን ፈረሳቸውን ሸልመው ከሚሰለፉት አንዱ ናቸው። ፈረሳቸውን አጥሩ ላይ አስረው ከገቡ በኋላ ትንሽ ተግደርድረው «ልጄ አንድ ነገር ያሳስበዋል» አሉኝ። «የመንግሥቱን ፈረስ ቅዳሜና እሑድ ማን ነው የሚጠብቀው?» ታብሌቱን አብርቼ አሳየኋቸው። ዓይናቸውን አጥብበው ብዙ አዩትና «ኮርቻው ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ጀርባውን ይልጠዋል» አሉ። ላስረዳቸው ሞከርኩ። ሰሙኝ፣ አመሰገኑኝ፣ ሲወጡ ግን ልጁን ጠርተው በጆሮው አንድ ነገር ነገሩት። ከዚያ ወዲህ ያ ልጅ ከማንም ይበልጥ ይሳሳት ጀመር።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሊያልቅ ሲል ባለሙያው ግብረ መልስ ሊሰጠኝ መጣ። ሞተሩን ወንዙ ማዶ ትቶ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ነው የተሻገረው። ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ አስረዳሁት። ልጆቹ ማባዛት እንደሚችሉ፣ እንዲያውም አውቆ ለመሳት መልሱን ማወቅ እንደሚያስፈልግ፣ የሚስቱትም ለፈረሱ አዝነው እንደሆነ ነገርኩት። አዳመጠኝ፣ ራሱን በትሕትና ነቀነቀ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ «የአመለካከት ችግር» ብሎ ጻፈ።

«መምህርት፣ ሲስተሙ ውስጥ ርኅራኄ የሚል ቦታ የለም» አለኝ። «ያለው ትክክልና ስህተት ነው።»

«ታዲያ ይጨመርበታ።»

«እሱ ከአቅማችን በላይ ነው። በአቅማችን ያለው ግንዛቤ ማስጨበጥ ነው።»

አስጨበጠም። ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች «የዲጂታል ፈረስ ምንነትና አለመድከም» በሚል ርዕስ መድረክ ተዘጋጀ። ርዕሱን እኔ አልፈጠርኩትም፤ በባነር ታትሞ መጥቶ የማባዣ ሠንጠረዣችን ላይ ተሰቅሎበት ነበር። ባለሙያው ታብሌቱን ከፍ አድርጎ ያዘና ውስጡ ያለው ፈረስ ሥጋና ደም እንደሌለው፣ ሣር ባይግጥ እንደማይራብ፣ ቀኑን ሙሉ ቢጋለብ እንደማይሞት አስተማረ። እኔ ወደ አዊኛ እመልስለት ነበር። ልጆቹ በጨዋነት ሰሙት። ጥያቄ ያለው ሲባል ጎበዟ ልጅ ተነሣች።

«የማይደክመው ከሆነ ለምን ያልበዋል?» አለች።

ተረጎምኩለት። ባለሙያው ታብሌቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየው፣ ላቡን አገኘው። ከዚያ «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለሚመለከተው አካል እናቀርበዋለን» አለ። ልጅቷ አመስግና ተቀመጠች። ሰውዬው ፈረስ እንደሌለው ክፍሉ በሙሉ ገብቶታል። ከዚያ በኋላ ይበልጥ አክብረው፣ እንግዳን እንደሚያከብሩ፣ ያዳምጡት ጀመር።

በማግስቱ የዝውውሬን ነገር ባለሙያውን ልጠይቅ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄድኩ። «ተማሪዎችዎን በዚህ ውጤት ጥለው የት ይሄዳሉ?» አለኝ። ልጄ አራት ዓመት ልትሞላ እንደሆነ፣ በስሜ እንደምትጠራኝ ነገርኩት። ከልቡ አዘነ፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። «ውጤቱ ይሻሻል እንጂ ማንም አያስቀርዎትም» አለ። «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው።»

ማዘዝ እችል ነበር። አርባ ሁለት ከሆነ አርባ ሁለትን ንኩ፣ አለቀ ደቀቀ ማለት ነው። እናት ነኝና ስመለስ በመንገዴ ሁሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ክፍል ገብቼ ግን ፊታቸውን ሳይ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። በዓይናችሁ ያያችሁትን ላብ አላያችሁም ልላቸው ነው። ይህን የሚያስተምር ሰው ወደፊት ሞልቶ ይጠብቃቸዋል፤ እኔ የምከፈለው ሒሳብ ላስተምር ነው። ስለዚህ እንደ ሒሳብ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላቸው፤ ፈረሱ ማረፍ አለበት፣ እኛም መሳሳት የለብንም፣ ምን እናድርግ?

ክርክሩ ደርቶ ዋለ። አንዱ ታብሌቱን እናጥፋው አለ፤ ፈረሱ ጨለማ ውስጥ ሣር ሳያገኝ ይቆማል ተብሎ ወደቀበት። ሌላዋ ቀስ ብለን እናስላ አለች፤ ጨዋታው ሰዓት ስላለው አልሆነም። መጨረሻ ላይ ጎበዟ የመጀመሪያውን ገጽ ከፈተች። እዚያ ገጽ ላይ ለምርጫ የቀረቡ ፈረሶች አሉ፤ ዳማ፣ ቡላ፣ ጉራች፣ አምባላይ፣ ሁሉም ለምለም ሣር ላይ ቆመው። የተመረጠው ይወጣል፣ የቀሩት እዚያው ይግጣሉ። «ሲያልበው እሱን ወደ ሣሩ እንመልሰውና ሌላውን እንውሰድ» አለች። አባቶቻቸው ሩቅ መንገድ ሲሄዱ እንዲህ ያደርጋሉ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ተስማማ፤ አንድ ልጅ ብቻ ኮርቻውስ የሚል ጥያቄ ነበረው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማመን ተቸገርኩ። በፈረስ ላይ ፈረስ እየቀያየሩ ማባዛቱን ጨርሰው ማካፈሉን ያዙት። የከተሜዋ ሴት «ጎበዝ» ማለት አታቋርጥም፤ የሚያሳዝነውን ሙዚቃ ዜማውን ሁሉ ረሳነው። ቀጣዩ ማጠቃለያ ሲመጣ የእኔ ክፍል አንደኛ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ስልኩን ደጋግሞ አየና «ቫይረሱ ለቀቀ» አለ፤ ፀሐይ ላይ የማስጣቱን ሐሳብ ያመጣውን መምህር በስብሰባ አመሰገነው።

ሰው አንደኛ ሲወጣ እንግዳ ይበዛበታል። «ምርጥ ተሞክሮ ሊቀምሩ» የሚባል ቡድን መጣ። መኪኖቹ እንደ ልማዳቸው ወንዙ ጋ ቆሙና ወላጆች ፈረስ ይዘው ተቀበሏቸው። ሹማምንቱ ኮርቻውን በሁለት እጃቸው አንቀው፣ ዳገቱን ሲወጡ ዓይናቸውን ጨፍነው ደረሱ። ተማሪዎቹ ሲያዩዋቸው ከየክፍሉ ግር ብለው ሮጡ። አንጋፋው እንግዳ ለእሳቸው መስሏቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ ልጆቹ አልፈዋቸው ፈረሶቹን ከበቡ። ዳገቱን ወጥተው አልቧቸዋል። አንዱ ኮርቻ ፈታ፣ ሌላው ልጓሙን ይዞ ቀስ እያለ ያንሸራሽር ጀመር። እንግዶቹን ያስገባኋቸው እኔ ነኝ።

ርዕሰ መምህሩ ውጤቱ የመጣው በአንድ ለአምስት አደረጃጀት፣ በቁርጠኛ አመራርና በተቀናጀ ክትትል መሆኑን አብራራ። እኔ ስጠየቅ «ፈረስ በመቀያየር ነው» አልኩ። ባለሙያው ደስ ብሎት «የፈረስ ቅያሪ ስልት» ብሎ ጻፈ፤ ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች እንዲሰፋም ተወሰነ። ቆይቶ ወደ ጫግኒ በኩል የሚያስተምር ጓደኛዬ ደወለልኝ። «እኛ ጋ ልጆቹ ፈረሱ ቢያልበውም ባያልበውም ግድ የላቸውም፤ የሚያውቁት መኪና ነው። ግን በየሰዓቱ ቀይሩ ተብለናል፣ ለምንድን ነው የምንቀይረው?» አለኝ። ለምን እንደሆነ ልነግረው ጀምሬ ተውኩት።

ለአንደኝነታችን የተዘጋጀው ሽልማት ግቢው ውስጥ፣ እነዚያው እንግዶችና ወላጆች በተሰበሰቡበት ነበር። በመስታወት የተለበጠ ሰርተፍኬት ተሰጠኝ። ቅድሚያ የተባለውን ቃል እጠብቃለሁ። አንጋፋው እንግዳ ማይክራፎኑን ያዙና «እንዲህ ያለች መምህርት ከዚህ ትምህርት ቤት ፈጽሞ ልትነቀል አይገባም» አሉ። ወላጆቹ አጨበጨቡ፤ ከልባቸው ነው ያጨበጨቡት፣ ስለሚወዱኝ። ፖስታም ተሰጠኝ። ውስጡ ያለው ደብዳቤ «የሞዴል ትምህርት ቤቱን ውጤት ለማስቀጠል ሲባል የዝውውር ጥያቄዎ ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን እናሳውቃለን» ይላል። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ደስታ ነው ብለው ፎቶ አነሱኝ።

ባለሙያውን ለብቻው ያዝኩት። «ውጤቱ ሲወድቅ ጥለሽ አትሄጂም፣ ውጤቱ ሲነሳም ጥለሽ አትሄጂም ተባልኩ፤ ከድጡ ወደ ማጡ። መካከለኛ ቢሆንስ?» አልኩት።

በደንብ አሰበበት። «መካከለኛ ለሆነ መምህር ቅድሚያ የሚሰጥ መመሪያ የለንም» አለኝ።

ያን ዓርብ ሚኒባስ አግኝቼ ዳንግላ ስደርስ ገና አልመሸም። ልጄ በር ላይ ቆርኪ ትደረድራለች። ቀና ብላ አየችኝ። ስትነሳ ልታቅፈኝ መስሎኝ ቦርሳዬን አስቀምጬ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ወደ ቤት ዞራ «እማ፣ እንግዳ መጣች» ብላ ተጣራች። በስሜ መጠራቱን ለምጄው ነበር። ይኸኛውን አልቻልኩትም፤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

እናቴ እጇን በነጠላዋ እየጠረገች ወጣች። «ልጅ ናት፤ ምን አውቃ ነው» አለችኝ።

«ስላላወቀች እኮ ነው፣ እማ» አልኳት። «እሑድ ይዣት እሄዳለሁ።»

«ለዚያ ብርድ? ሥራ ስትገቢስ ማን ሊይዛት ነው?»

«አብራኝ ትገባለች፣ ከኋላ ትቀመጣለች።»

«ቢከለክሉሽስ?»

«ሞዴል ነኝ። ሞዴልን ማን ይከለክላል?»

እናቴ አልሳቀችም። ቅዳሜን ሙሉ አላናገረችኝም፤ ልጄን ያሳደገቻት እሷ ናት፣ ልነጥቃት እንደመጣሁ ይገባኛል። እሑድ ጠዋት ግን የልጅቷን ልብሶች አጥፋ በፌስታል አስቀምጣ፣ የራሷን ጋቢ ከላይ ጨምራበት አገኘሁ። ሚኒባሱ ድረስ ሸኘችን። ልጄ በመስኮት «እማ» እያለች አለቀሰች፤ እናቴ ፊቷን አዙራ ቆመች። እኔም የማደርገው ትክክል ይሁን ስህተት በዚያች ሰዓት የሚነግረኝ አልነበረም። መኪናው ተነሣ።

ልጄ ለቅሶው ደክሟት ጭኔ ላይ ተኛች። እንጅባራ ስንደርስ በሩ ሲከፈት ብርዱ ቀሰቀሳት። በጋቢው ጠቀለልኳት። ዙሪያዋን አየች፣ እኔን አየች፣ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ነገ ትሄጃለሽ?» አለችኝ።

«የትም አልሄድም» አልኳት። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።